ትቶን መሄድ የሚችል ጓደኛ

ይህ ጽሑፍ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያደረግኩት ንግግር ነው። የመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጌም የሚያበዙ ወጣቶች፣ ጥቂት መምህራንና ልጆቻቸውን ተከትለው የመጡ ወላጆች ነበሩ። ለንባብ እንዲመች አሳጠርኩት እንጂ አልቀየርኩትም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ።

የወሎን ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ከቡና ማስነሳት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በረካውን ሳትጠጡ የመጣችሁ እንዳላችሁም ከፊታችሁ ይታያል። ስለዚህ ሳላንዛዛ ልግባበት።

ደሴ ውስጥ ጌም ሲባል ኳስ ነው። ሰኞ ገበያ ሂዱ፣ ቧንቧ ውሃ ሂዱ፣ ከጌም ቤት የሚወጣው ጩኸት የጎል ነው። ዛሬ የማወራው ግን በር ተዘግቶ፣ ጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶ፣ ሌሊት ስለሚጫወቱት ነው። አርፒጂ ስለሚባሉት። ጎራዴ፣ አስማትና ዘንዶ ያለባቸው፣ ለመጨረስ ሃምሳም መቶም ሰዓት የሚፈልጉ ጌሞች። እኛ ጋ እነዚህ በኔት አይመጡም። ባልዱርስ ጌት 3 ብቻውን 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። ይህንን በሞባይል ዳታ አወርዳለሁ የሚል ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ የለም። የሚያመጣው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር፣ በዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ።

በነዚህ ጌሞች ሰው ብቻውን አይጓዝም። ሁለት ሦስት ሰው አብሮት ይሄዳል። አብረውት ይዋጋሉ፤ ሲቆስል ያክሙታል፤ ያወራሉ፤ ይነጫነጫሉ፤ ማታ እሳት ዳር ይቀመጣሉ። ዛሬ ርዕሳችን እነሱ ናቸው። ሥጋና ደም ለሌለው የጉዞ ጓደኛ ጤነኛ ሰው አንጀቱ የሚንሰፈሰፈው ለምንድን ነው?

መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ከዚያ ተከራከሩኝ። የጉዞ ጓደኛን የምንወደው ሥራችንን ስላየና እምቢ ማለት ስለሚችል ነው ባይ ነኝ። መልክ ይረዳል፣ ጥሩ ድምፅ ይረዳል። ዋናው ግን እሱ ነው። ትቶን መሄድ የማይችል ገጸ ባህሪ ከጎራዴውና ከጋሻው ጋር የሚቆጠር ዕቃ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ከመንገድ ላይ ላንሳ። «ለሌለ ሰው ይለቀሳል ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይለቀሳል። አገራችን ይህንን ከድሮ ጀምሮ ታውቃለች። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ በዛብህን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች ሆዳቸው ባብቷል። እዚህ ያላችሁ ትልልቅ ሰዎች ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ነው፤ ምስክር አያስፈልገኝም።

ከዚያም አልፎ ሰው ለማዘን ሰው እንኳ አይፈልግም። 1944 ላይ ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የተባሉ ተመራማሪዎች አጭር ፊልም ሠሩ። ፊልሙ ውስጥ ያለው ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ አንዲት ክብና በር ያለው ሳጥን ብቻ ነው። ይንቀሳቀሳሉ፤ ሌላ ምንም የለም። ተመልካቾች «ምን አያችሁ?» ሲባሉ ታሪክ አወሩ። ትልቁ ጉልበተኛ ሆነ፣ ትንሹ ደፋር፣ ክቧ የምትሸሽ ሴት። ሦስት ማዕዘን የሚቀየም ከሆነ፣ ስም፣ ፊትና ድምፅ ያለውን ገጸ ባህሪ አስቡት።

1956 ላይ ደግሞ ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል ስለ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ጻፉ። ሰው በየሳምንቱ የሚያየውን አቅራቢ እንደ ወዳጁ መቁጠር እንደሚጀምር አሳዩ። የአንድ ወገን ወዳጅነት ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እሱ አያውቃችሁም። ዛሬ ስለ ጌም የሚጽፉ ሰዎች ይህንን ጽሑፍ ደጋግመው ያነሳሉ። ለጌም ግን ልኩ አይመስለኝም፤ ትንሽ ይጠባል። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ እናንተ ሶፋ ላይ ሆናችሁ የምታደርጉትን አያይም። የጌም ጓደኛ ያያል። ለማኙን ገፍትራችሁ ስታልፉ አጠገባችሁ ቆሞ «ይሄ ምን የሚሉት ነው?» ይላችኋል። የበዛብህ አንባቢ በደሉ ስለማይነካው ንጹሕ ሆኖ ያለቅሳል። ጌም ተጫዋች ግን እጁ አለበት።

እጁ አለበት ስል ቃል በቃል ነው። ፋይናል ፋንታሲ 7ን ልውሰድ። 1997 ላይ ለፕሌይስቴሽን የወጣ፣ በሦስት ዲስክ የመጣ ጌም ነው። ከዛሬ ዓይን ሲታይ መልኩ ያስቃል። የሰዎቹ እጅ ጣት የለውም፣ ጡብ ነው የሚመስለው። ግን የመጀመሪያው ዲስክ መጨረሻ ላይ ያለውን ነገር ያየ ሰው እስከ ዛሬ ይተርከዋል።

ኤሪት የምትባል አበባ ሻጭ አለች። ስትዋጋ የሷ ሥራ ማዳን ነው። ልዩ ችሎታዎቿ አብዛኞቹ ቡድኑን የሚያክሙ ወይም የሚጠብቁ ናቸው። ስለዚህ ቡድን ውስጥ ካስገባችኋት ሰዓታት ሙሉ በሷ ትደገፋላችሁ። ደማችሁ ሲያልቅ ፈልጋችሁ የምትነኩት ስም የሷ ነው። አንድ ቀን ብቻዋን ትሄድና ተከትላችኋት ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ታገኟታላችሁ። ተንበርክካ ትጸልያለች። እናንተ ክላውድ የሚባለውን ልጅ ይዛችኋል። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ክላውድ ጎራዴውን ይመዛል። ሌላ ስትጫኑ በሷ ላይ ያነሳል። የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ኃይል ነው፤ ግን የሚጫነው የእናንተ ጣት ነው። ጓደኞቹ ይጮኹበታል፣ ይነቃል፣ እጁን ይሰበስባል። እሷ ቀና ብላ ታየዋለች። ተረፈች ስትሉ የጌሙ ዋና ጠላት ሴፊሮት ከላይ ይወርድና ይወጋታል። ከጸጉሯ የወደቀችው ነጭ ድንጋይ ደረጃውን እየነጠረች ወርዳ ውሃ ውስጥ ትገባለች።

ወዲያው ውጊያ ይጀምራል። የተለመደው የውጊያ ሙዚቃ አይመጣም። ኖቡኦ ኡኤማትሱ ለኤሪት የሠራው ዜማ ነው የሚቀጥለው። እየተዋጋችሁ የሷን ዜማ ትሰማላችሁ። እኛ ይህ አይገርመንም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸውን ያገኙት እዚሁ ወሎ ካለ አገር ነው። ዜማ የሰውን ስም ሳይጠራ ሰውን እንደሚያመጣ ለወሎ ሰው አይነገርም።

እኔን የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ውጊያው አልቆ የቡድናችሁን ዝርዝር ስትከፍቱ ኤሪት የለችም። የያዘችው ሁሉ ወደ እናንተ ተመልሷል፤ እሷ ብቻ ቀርታለች። በሚቀጥለው ውጊያ ደማችሁ ሲያልቅ ጣታችሁ እንደ ልማዱ ይሄዳል፤ የሚነካው የለም። ሐዘንን በንግግር ሳይሆን በጎደለ ሥራ ነው የነገሩን። ቤት ውስጥ ሰው የሞተበት ያውቀዋል፤ ማን ነበር በሩን የሚቆልፈው፣ ማን ነበር ዳቦውን የሚያመጣው ሲባል ነው ሰውዬው የሚሞተው።

ተጫዋቾች ዝም ብለው አልተቀበሉም። እንዲህ ብታደርግ ትነሳለች፣ እዚህ ቦታ ብትሄድ ትመለሳለች የሚል ወሬ ለዓመታት ተናፈሰ። ጌሙን በኮድ ሰብረው ወደ ቡድኑ የመለሷትም ነበሩ። ቀብር ከተመለሱ በኋላ በሩን እያዩ መቀመጥ ማለት ይሄው ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ እምቢ ማለት የት አለ? ኤሪት እምቢ አላለችም» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ነው፣ ተገድላ ነው የሄደችው። ግን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ሳትነግራችሁ ተነስታ የሄደችው ራሷ ናት። የራሷ ጉዳይ ነበራት። የእናንተን ፈቃድ አልጠየቀችም።

አሁን ወደ ተቃራኒው ልሂድ፤ ሊዲያ። ስካይሪም፣ 2011። እዚህ አዳራሽ ያለው ወጣት ግማሹ በአሮጌ ላፕቶፕ የተጫወተው ነው፤ ሳቃችሁ ያስታውቃል። ዘንዶ ከገደላችሁ በኋላ ሹመት ስትቀበሉ ሊዲያ ጠባቂ ሆና ትሰጣችኋለች። ሸክማችሁን ልትሸከም መማሏን የምትናገርባት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለቻት፤ ድምፅዋ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ማሽሟጠጥ አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ የምትለው የለም። ጠባብ በር ላይ ቆማ መንገድ ትዘጋለች። የዘረፋችሁትን ሁሉ ትሸከማለች። ሰው ስትገድሉ አብራ ትገድላለች።

ግን ሰዎች ሊዲያን ይወዷታል። አልክድም፤ ይህ ሐሳቤን ትንሽ ያደናቅፈዋል። የኔ ግምት ግን የሚወዷት ለዚያች ለምታሽሟጥጠው ድምፅ ነው የሚል ነው። አንዲት ጭላንጭል ናት፤ ውስጧ የራሷ ሐሳብ ያላት ሴት እንዳለች ታሳያለች። የቀረውን ተጫዋቹ ራሱ ሞላው። ሦስት ማዕዘኖቹን አስታውሱ። ዋሻ ውስጥ ስትሞትባቸው ወደ ኋላ ተመልሰው ሴቭ ካደረጉበት የሚጀምሩ አሉ። ፋየር ኤምብለም የሚባለው የጃፓን ጌም በ1990 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ በዋናው ሕጉ የሞተን ወታደር አይመልስም፤ አንድ ሰው ላለማጣት ሲሉ የአንድ ሰዓት ውጊያ ከእንደገና የሚጀምሩ ተጫዋቾች ሞልተዋል። እኔ ይህንን እንደ ማጭበርበር አላየውም። «አንተን አስይዤ አላሸንፍም» ማለት ነው።

ከሁሉ ጠለቅ ያለው ምሳሌዬ ድራገን ኤጅ ኦሪጅንስ ነው፤ 2009። የሠራው የካናዳው ባዮዌር ነው። እዚህ ጌም ውስጥ ፍቅር በቁጥር ይለካል። እያንዳንዱ የጉዞ ጓደኛ ከኔጌቲቭ 100 እስከ 100 የሚሄድ መለኪያ አለው። የሚወደውን ስትናገሩ ይወጣል፣ የሚጠላውን ስትሠሩ ይወርዳል። ስጦታ ብትሰጡም ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር ጌሙን ያበላሸዋል። ገደል አፋፍ ላይ ሰው ገድላችሁ ጓደኛችሁ ሲቀየም ሁለት ስጦታ ታስጨብጡታላችሁ፣ ይስቅላችኋል። ይህ ጉቦ ነው። ጉቦን ደግሞ ለማወቅ አርፒጂ መጫወት አያስፈልግም።

ጸሐፊዎቹ ግን ብልጦች ናቸው። በቁጥሩ መሃል ቁጥር የማይነካው ነገር ቀብረዋል።

አሊስተር የሚባል ወጣት አለ። ቀልደኛ፣ ትንሽ ፈሪ የሚመስል፣ ኃላፊነት የማይወድ። ያለ አባት ነው ያደገው። ልጅ ሳለ ከቤት ሊያስወጡት ሲሉ ተናዶ ከእናቱ የቀረችለትን የአንገት ክታብ ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰበራት። እናንተ በጉዞ ላይ አንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ስትበረብሩ ያቺ ክታብ ተጠግና ጠረጴዛ ውስጥ ተቀምጣ ታገኟታላችሁ። ያሳደገው ሰው ሰብስቦ ጠግኖ አስቀምጦለታል፤ ልጁ አያውቅም። ክታቧን ስትሰጡት የሚሆነውን ራሳችሁ እዩት። እሷም በጌሙ መዝገብ ስጦታ ናት፣ ቁጥር ትጨምራለች። ግን ቁጥሩን የሚያይ የለም።

አሁን ዋናው። ጌሙ መጀመሪያ ላይ አንድ ጦርነት አለ። ሎጌይን የሚባል የጦር አለቃ ሠራዊቱን ይዞ ከሜዳ ይወጣል፤ ንጉሡን ትቶ። እዚያ ውጊያ ላይ ዳንከን ይሞታል። ዳንከን ለአሊስተር አባት ነበር። ከብዙ ሰዓት በኋላ ሎጌይን እጃችሁ ላይ ይወድቃል። ምርጫው የእናንተ ነው። መግደል ትችላላችሁ፤ ወይም ከቡድናችሁ ማስገባት። ማስገባቱ ብልህነት ይመስላል። ጎበዝ ተዋጊ ነው፣ ጠላት ደጃፍ ላይ ነው፣ ሰው ያስፈልጋል። ይቅርታም ነው፤ ይቅርታ ደግሞ ደግ ነገር ነው።

ይቅር ካላችሁት አሊስተር ይሄዳል። መለኪያው መቶ ላይ ቢሆንም ይሄዳል። ክታቧን ብትሰጡትም፣ ብትወዱትም፣ ብትለምኑትም። እሳት ዳር የሚቀመጥባት ቦታ ባዶ ትሆናለች።

መጀመሪያ የሚመጣው ንዴት ነው። «ይህን ሁሉ አድርጌልህ!» ትላላችሁ። ቆየት ብሎ ነው የሚገባችሁ፤ ልጁ ሰው ነው። ለእናንተ ያለው ፍቅር እውነተኛ ነበር፤ ለዳንከን ያለውም እውነተኛ ነበር፤ እናንተ ደግሞ በሱ ሐዘን ላይ ይቅርታ የመስጠት መብት አልነበራችሁም። ይቅርታው የማን ነበር? ይህን ጥያቄ ሽማግሌ ያስታረቀ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በደሉ ያልደረሰበት ሰው «እርቅ አውርዱ» ሲል ቀላል ነው። እኔ ስለ እርቅ ከሰማኋቸው ንግግሮች ብዙዎቹ የአሊስተርን ያህል አልቆዩብኝም።

ሌላም ነገር አለ። የዚህ ጌም ጓደኞች እርስ በርስ ያወራሉ። እናንተ እየተጓዛችሁ አሊስተርና ሞሪጋን ከኋላችሁ ይነታረካሉ። እናንተን አያስገቧችሁም። የትንሽ ነገር ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። እናንተ የሌላችሁበት ወሬ ካላቸው፣ እናንተ የሌላችሁበት ሕይወት አላቸው ማለት ነው።

ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። እዚያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ባልዱርስ ጌት 3ን በወንድሟ ላፕቶፕ ነው የምትጫወተው። በቤልጂየሙ ላሪያን ተሠርቶ ነሐሴ 2023 ላይ የወጣው ጌም ነው። ላፕቶፑ አይችለውም። ስለዚህ ምስሉን ሁሉ ወደ ዝቅተኛው አውርዳዋለች። በኮምቦልቻ ሙቀት ቬንትሌተሩን ወደ ራሷ ሳይሆን ወደ ላፕቶፑ አዙራ ነው የምትጫወተው። የሰዎቹ ፊት ጭቃ ነው የሚመስለው፤ አሳይታኛለች። መልክ ነው ለሚለኝ ሰው መልሴ ያ ላፕቶፕ ነው።

የምትወዳት ካርላክን ነው። ካርላክ ቀንድ ያላት፣ ረጅም፣ ሳቂታ ተዋጊ ናት። አለቃዋ ለሲኦል ገዢ ሸጣታል። ገዢዋ ልቧን አውጥታ በቦታው የሚነድ ሞተር አስገባችባት፤ አሥር ዓመትም አዋጋቻት። አምልጣ ስትመጣ ሰውነቷ እሳት ስለሆነ ሰው መንካት አትችልም። ጓደኛዋን እንኳ ማቀፍ አትችልም። አንድ አንጥረኛ ብረት ፈልጋችሁ ስታመጡለት ሞተሩን ሁለት ጊዜ ያሻሽልላታል። ከዚያ በኋላ መንካት ትችላለች። የመጀመሪያዋን እቅፍ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ግን አንጥረኛው ሌላም ይነግራታል፤ ወደ ሲኦል ካልተመለሰች ሞተሩ ነዶ ይጨርሳታል። እሷ ደግሞ አልመለስም ትላለች። ጉዞው እስኪያልቅ ብትለምኗትም አትሰማም። እምቢታዋ ይሄ ነው። የሸጣትን ሰው ስትበቀል እንኳ ደስታ አታገኝም፤ መሞት አልፈልግም ብላ ትጮኻለች።

የኮምቦልቻዋ ልጅ ጌሙን አልጨረሰችውም። የመጨረሻው ውጊያ በር ላይ ሴቭ አድርጋ አቁማዋለች። ከፈረቃ ስትመለስ ትከፍተዋለች፣ ወደ ሰፈሩ ትመለሳለች፣ ካርላክን ሄዳ ታናግራታለች። ካርላክ የምትለው አዲስ ነገር የላትም፤ ያው የሰማችውን ነው የምትደግመው። ከዚያ ዘግታ ትተኛለች። «ካልገባሁ አትሞትም» አለችኝ። ምን ይባላል? ዝም አልኩ።

ነገሩ የሷ ብቻ አልነበረም። ጌሙ በወጣ በወሩ የካርላክ መጨረሻ አነሰ ብለው ተጫዋቾች ስላጉረመረሙ ላሪያን ከጓደኛ ጋር ወደ ሲኦል የምትወርድበትን መዝጊያ አሰፋው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ጓደኞቹ ሁሉ እሳት ዳር የሚገናኙበትን ምሽት ጨመረ። የተጠናቀቀን ታሪክ ሰዎች «አንዲት ሴት ብቻዋን አትሂድ» ብለው አስቀጠሉት። መጻሕፍትን እንዲህ ማስቀጠል ቢቻል ስንቱ ደራሲ ደጁ ላይ ሰልፍ ባየ ነበር።

ስለ ንግዱ ጎን በአጭሩ። ይህንን ፍቅር የሚቸረችሩ አሉ። ገጸ ባህሪው እንደ ሎተሪ ነው የሚወጣው፤ ለተወሰነ ቀን ብቻ ይቀርባል፤ ካልከፈላችሁ ሊያመልጣችሁ ይችላል። 2020 ላይ የወጣው ጌንሺን ኢምፓክት በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። ቆንጆ ጌም ነው፣ አልክድም። ግን የከፈላችሁባት ልጅ አታኮርፋችሁም። ገንዘብ የከፈለን ደንበኛ ማን ያኮርፋል? ደግነቱ ከደሴ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ራሱ ጣጣ ነው፤ ችግር አንዳንዴ ይጠብቃል።

የሚያወሩ የኤአይ፣ ማለትም የሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ጓደኞችንም ጠይቃችሁኛል፤ ሰው ሲገባ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የሰጣችሁኝ አላችሁ። 1966 ላይ ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤላይዛ የሚባል ፕሮግራም ሠራ። የምትሉትን ገልብጦ ወደ ጥያቄ ከመቀየር ብዙም የማይዘል ነበር። ሲሠራው ያየችው ጸሐፊው እንኳ ከፕሮግራሙ ጋር ትንሽ ከተጻጻፈች በኋላ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። የግል ወሬ ሆኖባት ነው። የዛሬዎቹ ከኤላይዛ በብዙ እጥፍ ይሻላሉ። ግን አብዛኞቹ ሲያቆላምጧችሁ ነው የሚያድሩት። አሊስተር ያደረገውን አያደርጉም። ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው ይባላል፤ እነዚህ ተልሰው አያልቁም፣ ችግሩ ያ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተቀበልኩ። ሁለቱን ላስገባ።

አንዲት እናት ከኋላ ተነሱ። «ልጄ፣ የተናገርከው ሁሉ ጥሩ ነው። ግን የኔ ልጅ ከዚያች ኮምፒውተር ሲወጣ አያናግረኝም። ለሷ አንጀቱን ሰጥቶ ለኔ ምን ተረፈው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

እናቴ፣ አልኳቸው፣ ቀኑን ሙሉ ከሆነ አስነሱት፤ ለዚያ የኔ ፈቃድ አያስፈልግም። ግን ሲያለቅስ ካዩት አይሳቁበት። «ማን ሞተ?» ብለው ይጠይቁት። እንደ ቀልድ ሳይሆን የምርዎን። ስሟን ይነግርዎታል። ማን እንደገደላት፣ እሱ ምን እንዳደረገ፣ ምን ማድረግ እንደነበረበት ያወራል። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ስለ ጸጸቱ ለእናቱ የሚያወራበት ሌላ በር ካለዎት በዚያ ይግቡ፤ ከሌለ ይሄ ክፍት ነው። ሴትዮዋ «እስቲ» ብለው ተቀመጡ። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ሁለተኛው ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነበር። «እኛ ብንሠራ የጉዞ ጓደኛው ማን ይሁን?» አለ። ይህን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የዋልኩት።

መንገዱን ከባቲ ወደ ደሴ አድርጉት። ሲራራ ነጋዴዎች ናችሁ፤ ከአፋር ቆላ የወጣ አሞሌ ጨው ጭናችኋል። ሰኞ ከባቲ ገበያ ተነስታችሁ ደጋውን ትወጣላችሁ። ዘንዶም ጂንም ከፈለጋችሁ ጨምሩ፤ ወሎ አይነሰውም። ጓደኞቹ አራት ይሁኑ፤ ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን። አሁን ማታ ሰፈር ላይ በግ ይታረዳል። ማን ያርደዋል? እዚህ አገር ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ሰርግ ስንደግስ የሁለቱንም ለየብቻ አርደን በአንድ ዳስ እንበላለን፤ ማንም አይቀየምም። ጌማችሁ ውስጥ ግን በጉ አንድ ብቻ ነው፣ ቢላዋው በእናንተ እጅ ነው። ግማሹ ጓደኛ ጦሙን ያድራል። ማን ይሁን? አንዳቸው ለሌላው ሲሉ «አልራበኝም» ይላሉ፤ ሁለቱም እየራባቸው። ይህን አንድ ፈረንጅ ስቱዲዮ ሊጽፈው አይችልም። እናንተ በአንድ ምሽት ትጽፉታላችሁ።

ግን መጀመሪያ የምትጽፉት ምሽቱን አይሁን። ጓደኛው የሚሄድበትን ቦታ ጻፉ። የት ላይ ነው ጨዉን አውርዶ «በቃኝ» የሚለው? ኮምቦልቻ ላይ? ምን አድርጋችሁበት? ምን ብትሰጡት አይመለስም? ያንን ከያዛችሁ ሌላው ወደ ኋላ ይጻፋል፤ ቀልዱም፣ ኩርፊያውም፣ እሳት ዳር የሚያዜመውም።

ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ረንፓይ የሚባለው መሥሪያ ነፃ ነው፣ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል፣ ንግግርና ምርጫ ላለው ታሪክ ይበቃል። ካርታና ውጊያ ከፈለጋችሁ ጎዶት አለ፤ እሱም ነፃ ነው። አማርኛ ስትጽፉበት የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ጨምሩበት፤ አለዚያ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣባችሁ ይችላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይሆናችኋል። ሁለቱን መሥሪያዎች በፍላሽ ይዣለሁ፤ መብራት ሳይሄድ የፈለገ መጥቶ ይገልብጥ።